የሌሊት መንቃትና የደም ኦክስጅን መውደቅ፦ በደጋ አገር አንድ ቁጥር እንዴት ይነበባል?

መግቢያ

ሌሊት ደጋግሞ መንቃት ሐኪም ዘንድ ከሚቀርቡ የተለመዱ ቅሬታዎች አንዱ ነው። ለመንቃቱ የሚሰጠው ምክንያት ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ሽንት ቀሰቀሰኝ ይላል፤ ሌላው ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ ይላል፤ ሦስተኛው ከሰዓት በኋላ የጠጣውን ቡና ወይም የቃመውን ጫት ይወቅሳል። ታፍኖና ደረቱ ከብዶት ብንን ያለ ሰው ደግሞ ዱካክ ተጫነኝ ሊል ይችላል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ከእያንዳንዳቸው በስተጀርባ አንድ የጋራ መንሥኤ ተሸሽጎ ሊገኝ ይችላል፤ እርሱም በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ፣ በሕክምናው አጠራር ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው ሕመም ነው።

ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወዲህ ፐልስ ኦክሲሜትር የተባለው በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ብዙ መኖሪያ ቤቶች ገብቷል። በዚህም የተነሣ ሌሊት የሚነቃ ሰው ከቅሬታው ጋር ቁጥርም ይዞ ሊቀርብ ይችላል፤ «ሌሊት 84 ገብቶ ነበር» ይላል። እንዲህ ያለው ቁጥር ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶችን ይጋብዛል። የመጀመሪያው፣ ለባሕር ጠለል በተዘጋጀ መስፈርት መዝኖ ወዲያው የበሽታ ስም መስጠት ነው። ሁለተኛው፣ «የምንኖረው ደጋ ላይ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ሁለቱም ስሕተቶች ዋጋ ያስከፍላሉ፤ አንደኛው ጤነኛውን በሽተኛ ያደርጋል፣ ሁለተኛው በሽተኛውን ያለ ሕክምና ይሰዳል።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው፣ በሌሊት የተገኘ ዝቅተኛ የኦክስጅን ቁጥር ለብቻው ፍርድ ሊሆን እንደማይችል ነው። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ከሦስት ነገሮች ጋር ሲነበብ ነው፤ እነርሱም የሌሊቱ የኦክስጅን መስመር ቅርጽ፣ ልኬቱ የተወሰደበት ከፍታ፣ እንዲሁም የሰውየው የቀንና የሌሊት ምልክቶች ናቸው።

ትንፋሽ በእንቅልፍ ውስጥ

ሰው ነቅቶ ሳለ ትንፋሹን የሚመራው የደሙ ኬሚካዊ ሁኔታ ብቻ አይደለም፤ ንቃቱ ራሱ መተንፈስን ያበረታታል። እንቅልፍ ሲወስደው ይህ ማበረታቻ ይነሣና ትንፋሽ በዋናነት በደም ውስጥ ባለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይመራል። ስለዚህ በጤናማ ሰውም ቢሆን በእንቅልፍ ጊዜ የሚተነፈሰው አየር ይቀንሳል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በጥቂት ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ፣ የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ በጥቂት ነጥብ ዝቅ ይላል። ይህ ተፈጥሯዊ ለውጥ እንጂ ሕመም አይደለም።

ሕመም የሚመጣው የጉሮሮ ጡንቻዎች ከመጠን በላይ መላላት ሲጨመርበት ነው። የታችኛውን የአየር ቧንቧ ጠንካራ ቀለበቶች ደግፈው ይይዙታል፤ ከአፍንጫ ጀርባ እስከ ማንቁርት ያለው የጉሮሮ ክፍል ግን ክፍት ሆኖ የሚቆየው በጡንቻዎች ሥራ ነው። በአንገቱ ዙሪያ ስብ የተከማቸበት፣ አገጩ ወደ ኋላ የገባ ወይም ቶንሲሉ የተለቀ ሰው ሲተኛ ይህ ክፍል ይጠብባል። አየር በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ማንኮራፋት ይሰማል፤ ጥበቱ ሲብስ መንገዱ ፈጽሞ ይዘጋል። ደረትና ሆድ ለመተንፈስ ይታገላሉ፣ አየር ግን አይገባም። ይህ በመዘጋት የሚመጣው አፕኒያ ነው። ማዕከላዊ የሚባለው ሌላው ዓይነት የሚከሰተው አንጎል የመተንፈስን ትእዛዝ ለጊዜው ሳይሰጥ ሲቀር ነው፤ በዚህኛው ደረትም አይታገልም።

በአዋቂዎች የአየር ፍሰት ለ10 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲቋረጥ አፕኒያ ይባላል። ፍሰቱ ቢያንስ በ30 በመቶ ቀንሶ የኦክስጅን መውደቅ ወይም አጭር ንቃት ሲያስከትል ደግሞ ሃይፖፕኒያ ይባላል። የሁለቱ ድምር ለእንቅልፍ ሰዓት ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር የሕመሙ ዋና መለኪያ ነው፤ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ተብሎ ይመደባል።

ሕመሙ ብርቅ አይደለም። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 60 ዓመት የሆኑ 602 የመንግሥት ሠራተኞችን በእንቅልፍ ላይ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ጥናት፣ መለኪያው በሰዓት 5 ወይም ከዚያ በላይ የሆነባቸው ከወንዶች 24 በመቶ፣ ከሴቶች 9 በመቶ መሆናቸውን ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት ደግሞ ከ30 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ክልል ውስጥ ካሉ ሰዎች ወደ 936 ሚሊዮን የሚጠጉት ቢያንስ ቀላል፣ 425 ሚሊዮን የሚሆኑት መካከለኛ ወይም ከባድ የሆነ በመዘጋት የሚመጣ አፕኒያ እንዳለባቸው አስልቷል።

መንቃት እንደ ማዳኛ

ስለ ሌሊት መንቃት ሲታሰብ መንቃቱን ራሱን እንደ ሕመም መቁጠር የተለመደ ነው። በአፕኒያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጉሮሮ ሲዘጋ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል፣ ደረት የሚያደርገው ትግል እየበረታ ይሄዳል። እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ሆነው አንጎልን ለጥቂት ሴኮንዶች ያነቁታል፤ ጡንቻዎች ይጠነክራሉ፣ ጉሮሮ ይከፈታል፣ ሰውየው አየር ስቦ ያንኮራፋና ተመልሶ ይተኛል። በአብዛኛው ሕመምተኛ መንቃቱ የሰውነት የመጨረሻ ማዳኛ ነው።

ከዚህ ሐቅ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ አብዛኞቹ ንቃቶች ለትዝታ የሚበቁ አይደሉም። ከባድ ሕመም ያለበት ሰው በአንድ ሌሊት ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ነቅቶ ሳለ ጠዋት የሚያስታውሰው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሌሊት ሦስት ጊዜ ነቃሁ» የሚለው ቃል የችግሩን ልክ አያሳይም። በቀን የሚሰማው ድካም፣ በስብሰባና በመሪ ላይ የሚጥል እንቅልፍ፣ የጠዋት ራስ ምታትና የአፍ ድርቀት ከሌሊቱ ትዝታ ይልቅ ታማኝ ምስክሮች ይሆናሉ። አብሮ የሚተኛ ሰው የሚሰጠው ቃልም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ነቅቶ ኦክስጅኑን የሚለካ ሰው ብዙውን ጊዜ ጤናማ ቁጥር ያገኛል። ሰውየው መብራት አብርቶ መለኪያውን ጣቱ ላይ እስኪያደርግ ድረስ የቀሰቀሰው ችግር በመንቃቱ ምክንያት ተስተካክሏል። 94 ማየቱ ስለ ነቃው ሰው እንጂ ስለ ተኛው ሰው የሚናገረው የለም።

ሦስተኛ፣ የመንቃትን ቅሬታ ሰምቶ የእንቅልፍ ወይም የማስታገሻ መድኃኒት ማዘዝ አደጋ ሊኖረው ይችላል። የጉሮሮ ጡንቻዎችን የሚያላላ ወይም የመንቃትን ኃይል የሚያዳክም መድኃኒት፣ እንዲሁም በመኝታ ሰዓት የሚወሰድ አልኮል፣ መቋረጡን ሊያረዝመው ይችላል። ሕመምተኛው እምብዛም ስላልነቃ ተሻለኝ ይላል፤ ሰውነቱ ግን ማዳኛውን ተነጥቋል።

ሌሊት ለሽንት መነሣትም በዚሁ ሒደት ሊገለጽ ይችላል። በተዘጋ ጉሮሮ ላይ ደረት አየር ለመሳብ ሲታገል በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይጨምራል፤ የልብ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል። ልብ ይህንን የፈሳሽ መብዛት አድርጎ ስለሚወስደው ናትሪዩሬቲክ ፔፕታይድ የተባለውን ሆርሞን ይለቃል፤ ኩላሊትም ሽንት ያበዛል። በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ ወንድ የፕሮስቴት ችግር ነው ተብሎ የሚታከመው የሌሊት ሽንት አንዳንዴ መነሻው ጉሮሮው ነው።

ዱካክ የሚባለውንም መለየት ያስፈልጋል። ሰው ከእንቅልፍ ነቅቶ መንቀሳቀስ የሚያቅተው፣ ደረቱ የተጫነ የሚመስለው፣ አንዳንዴም በክፍሉ ውስጥ ሌላ አካል ያለ የሚመስለው በእንቅልፍ ውስጥ የሚከሰት የጡንቻ መታሰር ከንቃት ጋር ሲደራረብ ነው። በዚህ ጊዜ የአየር መንገዱ ክፍት ነው፤ ታስሮ የቆየው ሰውነት ነው። በአፕኒያ የነቃ ሰው ግን ወዲያው ይንቀሳቀሳል፤ አየር እየሳበ ይነሣል፣ በሴኮንዶች ውስጥም ይረጋጋል። በልብ ድካም ታፍኖ የነቃ ሰው በበኩሉ ቁጭ ብሎ ወይም ቆሞ እስኪሻለው ደቂቃዎች ይወስድበታል። ሦስቱ ስሜቶች በአንድ ቃል «ታፈንሁ» ተብለው ስለሚነገሩ ጥያቄው መዘርዘር አለበት።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

የፐልስ ኦክሲሜትር መሠረታዊ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ የተገኘ ነው። መሣሪያው ሁለት ዓይነት ብርሃን፣ ማለትም 660 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነ ቀይና 940 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነ ኢንፍራሬድ፣ በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢንና ያልያዘ ሄሞግሎቢን ሁለቱን ብርሃኖች የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው። መሣሪያው ከልብ ምት ጋር የሚለዋወጠውን ክፍል ብቻ ለይቶ የደም ቅዳውን ሙሌት ያሰላል።

ስሌቱ ግን ከስሕተት የጸዳ አይደለም። የቀዘቀዘ ጣት፣ የጥፍር ቀለምና እንቅስቃሴ ልኬቱን ያዛባሉ። መሣሪያው ልኬቶችን በረጅም ጊዜ እያማከለ የሚያሳይ ከሆነ አጫጭር ውድቀቶች ይሰወራሉ። ደም ከሳንባ እስከ ጣት ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስድበትም የሚታየው ውድቀት ከትንፋሹ መቋረጥ ዘግይቶ ይመጣል።

የቆዳ ቀለምም ሚና አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የሆስፒታል ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት የመሣሪያውን ንባብ ከደም ቅዳ ናሙና ጋር አነጻጽሯል። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባነበበባቸው ልኬቶች ውስጥ እውነተኛው ሙሌት ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁሮች 11.7 በመቶ፣ በነጮች ደግሞ 3.6 በመቶ ነበር። ይህም ማለት ስሕተቱ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ የሚያዘነብለው ኦክስጅንን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ወደ ማሳየት ነው። ቁጥሩ መልካም መምሰሉ በአፍሪካ ለሚሠራ ሐኪም ሙሉ ዋስትና አይሰጥም።

ከፍታና የሙሌት መስመር

በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊትና የሄሞግሎቢን ሙሌት ግንኙነት ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። መስመሩ በላይኛው ጫፍ ጠፍጣፋ፣ ከ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከ90 በመቶ ሙሌት በታች ግን ቁልቁለት ነው። በጠፍጣፋው ላይ ያለ ሰው ግፊቱ በብዙ ቢወርድም ሙሌቱ ጥቂት ብቻ ይቀንሳል፤ ወደ ቁልቁለቱ የተጠጋ ሰው ግን በትንሽ ውድቀት ብዙ ያጣል።

ይህን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ከዚህ 47ቱ የውሃ ትነት ድርሻ ሲቀነስና በ0.21 ሲባዛ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ግፊት 150 ገደማ ይሆናል። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ ከ570 እስከ 580 ያህል ስለሆነ ይኸው ስሌት 110 ገደማ ይሰጣል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻ ሲታሰብ በሳንባ ውስጥ የሚቀረው በባሕር ጠለል 100 ገደማ፣ በአዲስ አበባ ከ65 እስከ 70 ያህል ነው።

አሁን በሁለቱም ቦታ በተኙ ሰዎች ላይ ግፊቱ እኩል በ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወረደ ይባል። በባሕር ጠለል ከ100 ወደ 80 መውረድ ሙሌቱን ከ98 ወደ 96 በመቶ ያመጣዋል፤ ለውጡ ሁለት ነጥብ ነው። በአዲስ አበባ ከ67 ወደ 47 መውረድ ግን ከ93 ወደ 83 በመቶ ያደርሰዋል፤ ለውጡ አሥር ነጥብ ነው። በእውነተኛ እንቅልፍ የሁለቱ ሰዎች የግፊት ውድቀት ልክ እንዲህ እኩል ባይሆንም የስሌቱ ትምህርት ይጸናል፤ በደጋ የተኛ ሰው የሚጀምረው ወደ ገደሉ አፋፍ ተጠግቶ ነው።

ውጤቱ በምርመራ አመዳደብ ላይ በቀጥታ ይታያል። ሃይፖፕኒያ ለመቁጠር የሚያገለግሉት ሁለት ሕጎች አንደኛው የ3 በመቶ ውድቀትን ወይም አጭር ንቃትን፣ ሁለተኛው የ4 በመቶ ውድቀትን ይጠይቃሉ። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የባሕር ጠለሉ ሰው ውድቀት ከሁለቱም በታች ሆኖ ሳይቆጠር ሊያልፍ ይችላል፤ የአዲስ አበባው ሰው ግን ሁለቱንም አልፎ ይመዘገባል። የሁለቱ ጉሮሮ ጥበት አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ጤነኛ፣ ሌላው በሽተኛ ተብሎ ሊመደብ ይችላል።

ከፍታ መለኪያውን ብቻ ሳይሆን ትንፋሹንም ይለውጣል። የኦክስጅን ማነስ ሰውየው አብዝቶ እንዲተነፍስ ያደርገዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመጠን በላይ ሲወጣ አንጎል ትንፋሽን ያቆማል፤ እንደገና ሲከማች ይጀምራል። በከፍተኛ ቦታ የሚታየው የሚነሣና የሚወድቅ ትንፋሽ ምክንያቱ ይህ ነው። በስዊዘርላንድ የተካሄደ ጥናት በመዘጋት የሚመጣ አፕኒያ ያለባቸውን፣ በቆላማ አካባቢ የሚኖሩ ሕሙማን በ490፣ በ1,860 እና በ2,590 ሜትር ከፍታ አስተኝቶ መርምሯል። ሕመማቸው ከፍታው በጨመረ መጠን ብሷል፤ ለጭማሪውም ትልቁን ድርሻ የያዙት ማዕከላዊ መቋረጦች ነበሩ። ከጋምቤላ ወይም ከሰመራ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ደጋግሞ የሚነቃ አፕኒያ ያለበት ሰው ችግሩ ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

የኢትዮጵያ ደገኞች የሚያስተምሩት

እስከዚህ ድረስ የተባለው ወደ አንድ ቀላል ድምዳሜ የሚያመራ ይመስላል፤ ደጋ ላይ ዝቅተኛ ቁጥር የሚጠበቅ ስለሆነ መስፈርቱን ዝቅ ማድረግ ይበቃል የሚል። ነገር ግን ከኢትዮጵያ የተገኘ ማስረጃ ይህን አቋራጭ ይከለክላል።

ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። በዚያ ከፍታ የሙሌት መቀነስና የሄሞግሎቢን መጨመር ይጠበቅ ነበር፤ በአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች የታየውም ይኸው ነው። በኢትዮጵያውያኑ የተገኘው አማካይ ሙሌት ግን 95.3 በመቶ፣ አማካይ ሄሞግሎቢን በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ነበር፤ ይህም በባሕር ጠለል ከሚጠበቀው ክልል አይወጣም። ከአሥር ዓመት በኋላ በባሌ ደጋማ አካባቢ የሚኖሩ ኦሮሞዎችን ከአማሮች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ደግሞ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የሄሞግሎቢንና የሙሌት ልዩነት እንዳለ አሳይቷል። «የኢትዮጵያ ደገኛ» የሚባል አንድ ወጥ አካል የለም ማለት ነው።

የ2002ቱ ልኬት የተወሰደው ሰዎቹ ነቅተው ባሉበት ስለሆነ ስለ እንቅልፍ በቀጥታ አይናገርም። ቢሆንም ለሐኪም የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ግልጽ ነው። በ3,530 ሜትር 95 በመቶ የሚገኝበት ሕዝብ ባለበት አገር፣ በ2,350 ሜትር 86 በመቶ ያነበበን ሰው «ከፍታው ነው» ብሎ ማሰናበት ማስረጃ የሌለው ማጽናኛ ነው። የባሕር ጠለልን መስፈርት እንዳለ መውሰድ እንደማይቻል ሁሉ ከፍታን እንደ ሰበብ መጠቀምም አይቻልም።

የመስመሩ ቅርጽ

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ቁጥሩ የተገኘበትን ሙሉ የሌሊት መስመር መመልከት ያስፈልጋል። ለማስረጃ ያህል ሁለት ሰዎችን ማሰብ ይቻላል። ሁለቱም የሚኖሩት በአዲስ አበባ ነው፤ ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ በሚመዘግብ መለኪያ ተኝተዋል፤ የሁለቱም ዝቅተኛ ቁጥር 84 ነው።

የመጀመሪያው ሰው መስመር የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ከ93 ይነሣል፣ ወደ 85 ይወርዳል፣ ወዲያው ይመለሳል፣ ከደቂቃ በኋላ እንደገና ይወርዳል። አወራረዱ ዝግ ያለ፣ አመላለሱ ፈጣን ነው፤ ፈጣኑ አመላለስ የንቃቱ አሻራ ነው። የልብ ምቱም ከእያንዳንዱ መመለስ ጋር ይፈጥናል። ይህ ቅርጽ በመዘጋት ለሚመጣ አፕኒያ ጠንካራ ጥቆማ ነው። ውድቀቶቹ በየአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተሰባስበው የሚመጡና ወደ ንጋት የሚከፉ ከሆነ ሕመሙ በሬም እንቅልፍ ላይ የሚበረታ መሆኑን ያመለክታሉ።

የሁለተኛው ሰው መስመር ጥርስ የለውም። እንቅልፍ እንደወሰደው ወደ 86 ይወርድና በዚያው አካባቢ ለሰዓታት ይቆያል። ይህ ቅርጽ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል፤ ወደ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ ከከፍተኛ ውፍረት ጋር ወደሚመጣ የትንፋሽ ማነስ፣ ወደ አከርካሪና ደረት መጣመም ወይም ወደ ጡንቻ ድክመት። ዕድሜዋን በእንጨትና በኩበት ጭስ ውስጥ ምግብ ስታበስል ያሳለፈች፣ ሲጋራ ግን አጭሳ የማታውቅ ሴት በዚህ ምድብ ልትገኝ ትችላለች። ለእርሷ የሚያስፈልገው በቅድሚያ የሳንባ አቅም ምርመራ ነው።

ሦስተኛም ቅርጽ አለ፤ እንደ ማዕበል ለስላሳ ሆኖ የሚወጣና የሚወርድ። በከፍታ ምክንያት የሚመጣው ዑደት አጭር ነው፤ በልብ ድካም የሚመጣውና በጆን ቼይንና በዊልያም ስቶክስ ስም የሚጠራው ግን ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 90 ሴኮንድ ይወስዳል። እነዚህ ቅርጾች ተደራርበው ሊገኙ ስለሚችሉ መስመሩ ብቻውን የመጨረሻ ምርመራ አይሆንም። የአንጎልን ሞገድ፣ የአየር ፍሰትን፣ የደረትን እንቅስቃሴና ኦክስጅንን በአንድነት የሚመዘግበው ፖሊሶምኖግራፊ አሁንም ዋናው ማረጋገጫ ነው። ነገር ግን ይህ ምርመራ መሣሪያ፣ ክፍልና የሠለጠነ ባለሙያ ስለሚጠይቅ ማን ቅድሚያ ያግኝ የሚለውን ለመወሰን የሌሊት መስመር ከፍተኛ ጥቅም አለው።

በዚህ ላይ የምልክት መጠይቅ ይታከላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ የወጣው ስቶፕ-ባንግ የተባለ መጠይቅ ስምንት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ በሰው የታየ የትንፋሽ መቋረጥ፣ የደም ግፊት፣ ከ35 በላይ የሆነ የክብደትና ቁመት መለኪያ፣ ከ50 በላይ ዕድሜ፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ የአንገት ዙሪያና ወንድነት። ሦስትና ከዚያ በላይ አዎንታዊ መልስ ቀጣይ ምርመራን ይጠቁማል። መጠይቁ ሊያልፋቸው የሚችሉ ሰዎችም አሉ። ብዙ ሴቶች ከማንኮራፋት ይልቅ እንቅልፍ ማጣትን፣ ድካምንና የመንፈስ ጭንቀትን ስለሚናገሩ ሌላ ስም ተሰጥቷቸው ሊታከሙ ይችላሉ።

ቁጥሩን ማከምና ሕመሙን ማከም

ችግሩ የኦክስጅን ማነስ ከሆነ ኦክስጅን መስጠት አይበቃምን? ይህን ጥያቄ በቀጥታ የፈተነ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። የልብና የደም ሥር በሽታ ወይም ተጋላጭነት ያላቸው 318 አፕኒያ ያለባቸው ሰዎች በሦስት ተከፍለው አንዱ ቡድን ምክር ብቻ፣ ሁለተኛው የሌሊት ኦክስጅን፣ ሦስተኛው ሲፓፕ ተሰጣቸው። የደም ግፊት የቀነሰው በሲፓፕ ቡድን ነው፤ የኦክስጅን ቡድን ግን እንዲህ ያለ ጥቅም አላገኘም። ኦክስጅን ቁጥሩን ያሻሽላል፤ ጉሮሮውን አይከፍትም፤ የደረቱን ትግልና ተደጋጋሚውን ንቃት አያስቀርም። በአንዳንድ ሕሙማንም መቋረጡን ሊያረዝምና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሊያከማች ይችላል።

ሲፓፕ በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ የአየር ግፊት ሰጥቶ ጉሮሮው እንዳይደፈን የሚደግፍ መሣሪያ ነው። ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በሲድኒ በአምስት ሕሙማን ላይ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ እስኪያደርጉት ድረስ ለከባድ ሕመም የነበረው ዋና መፍትሔ አንገት ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ መክፈት ነበር። መሣሪያው ግን የሚጠቅመው ለለበሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመውና 2,717 የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ያካተተው ጥናት ሲፓፕ የልብ ሕመምንና ስትሮክን መቀነሱን አላሳየም፤ የቀን እንቅልፋምነትን ግን ቀንሷል። በዚያ ጥናት አማካዩ አጠቃቀም በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር። መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል።

መሣሪያ በማይገኝበትም ቦታ የሚደረግ ነገር አለ። በጀርባ ሲተኛ ለሚብስበት ሰው በጎን መተኛት፣ በመኝታ ሰዓት አልኮልን መተው፣ የአፍንጫ መደፈንን ማከምና ክብደትን መቀነስ ይረዳሉ። የዊስኮንሲኑ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የክትትል ውጤት የ10 በመቶ የክብደት ጭማሪ የአፕኒያ መለኪያውን በ32 በመቶ እንደሚያሳድግ፣ የ10 በመቶ መቀነስ ደግሞ በ26 በመቶ እንደሚያወርደው ገምቷል። የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ የጥርስ መሣሪያም ለቀላልና ለመካከለኛ ሕመም ያገለግላል።

ማጠቃለያ

ሌሊት የሚነቃ ሰው ይዞት የሚመጣው ቁጥር የምርመራ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። 84 የሚለው ቁጥር በመጋዝ ጥርስ መካከል ሲገኝ አንድ ነገር፣ በጠፍጣፋ መስመር ላይ ሲገኝ ሌላ ነገር ይናገራል፤ በባሕር ዳርቻና በደጋ የሚኖረው ክብደትም አንድ አይደለም። መንቃቱም ራሱ በመድኃኒት ከመታፈኑ በፊት ሰውነት ራሱን ለማትረፍ ያደረገው ጥረት ሊሆን እንደሚችል መጠየቅ ይገባል።

ለተመራማሪው የሚቀረው ሥራ ከዚህ ይከተላል። ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግብ የጣት መለኪያ ዋጋው ከፖሊሶምኖግራፊ ጋር አይወዳደርም፤ በሰው መኖሪያ ቤትም ይሠራል። ጤናማ አዋቂዎችን በጋምቤላ፣ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን ከፍታ በየቤታቸው እንደተኙ መለካት፣ ልኬቱንም በዕድሜ፣ በጾታ፣ በክብደትና በትውልድ አካባቢ መለየት ለአንድ የድኅረ ምረቃ ቡድን ከአቅም በላይ አይደለም። ከእነርሱ መካከል የተወሰኑት የደም ቅዳ ናሙና ቢሰጡ የመሣሪያው ስሕተት በጥቁር ቆዳ ላይ ምን ያህል እንደሆነም አብሮ ይታወቃል። እንዲህ ያለው የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ሲኖር ሐኪሙ «84 ገባ» ለሚለው ሰው የሚሰጠው መልስ በሌላ አገር መስፈርት ወይም በከፍታ ሰበብ ሳይሆን በዚሁ ሕዝብ እንቅልፍ ላይ የተመሠረተ ይሆናል።